ጥቁሩ ክንፍ በየት በኩል ነው?

«የለም የእኔ ልጅ፣ የምወጋው እኔ አይደለሁም። መርፌዋ ክንፉ ሥር ነው የምትገባው።»

የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ መደርደሪያው ላይ የሰደደችውን እጇን ሳትመልስ ዞር ብላ አየችው።

«ክንፉ ሥር?»

«አዎ፤ በግራ በኩል።»

«እንዲያ በሉኛ!» ፊቷ ፈታ አለ። «ለዶሮ ነው። ታዲያ አባባ፣ ይህን ከመጀመሪያው አይነግሩኝም? የዶሮ መርፌ ያለው እንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። አውቶቡስ ማቆሚያውን አለፍ እንዳሉ…»

«ዶሮ አላልኩም።»

«ርግብ ነው እንዴ?»

«አውሮፕላን ነው።»

ከኋላው ተራ ይዛ ስትስል የቆየችው ሴትዮ ሳሏን ዋጥ አደረገች። መርፌ ጠያቂው ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ነገሩን አቃናለሁ ብሎ ይባስ አጣመመው። «ክንፉ ሥር የምትገባው አንዷ ብቻ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «የቀሩት ለመትረየሶቹ ናቸው።»

ሰው ብቻውን ብዙ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ በሆዱ ሲያወራ የዋለውን ሌላው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያዳምጠው የነበረ ይመስለዋል፤ ከዚያ ከመሀል ጀምሮ ይናገርና ሰው ሲደነግጥበት ይገረማል። ሰዓት ሠሪው ከጠዋት ጀምሮ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ከትናንት ጀምሮም ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

ባለሙያዋ ግን ድንገት እጇን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛውን ጠበጠበች።

«ቆይ፣ ቆይ! እነዚያን የሚገጣጠሙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነው? የላስቲኮቹን?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እንደ ሐኪሙ ነዎታ! የጥርስ ሐኪሙን፣ ረጅሙን ሰውዬ አያውቋቸውም? እሳቸውም በየወሩ እየመጡ ይህችኑ ቀጭኗን ነው የሚገዙኝ። መጀመሪያ ቀን እኔም እንዲሁ ስኳር ይዟቸው መስሎኝ ስንት ምክር መከርኳቸው።» ሳቀች። «በመጡ ቁጥር ‹ሌላ ሰው መጥቶ ይህችን መርፌ ጠይቆሻል?› ይሉኛል። ኧረ ማንም አልጠየቀኝም እላቸዋለሁ። አሁን እርስዎ ጠየቁኝ፤ እሳቸው ደግሞ የሚመጡ አይመስለኝም።»

«ለምን?»

«ሊሄዱ ነዋ። ሴት ልጃቸው ወደ ራሷ ከተማ ልትወስዳቸው መጥታለች፤ ቅዳሜ ይሄዳሉ። ዓይናቸው እንዲያ ከሆነ ወዲያ ብቻቸውን እንዴት ይኖራሉ?»

«ዓይናቸው ምን ሆነ?»

ባለሙያዋ የመርፌውን ማሸጊያ ይዛ ቀና አለች። «አልሰሙም? ጓደኛሞች መስላችሁኝ።»

ሰዓት ሠሪው ኪሱን ዳብሶ ገንዘቡን አወጣ። «እንተዋወቃለን» አለ።

መርፌዎቹን በወረቀት ከረጢት አድርጋ ሰጠችው። በር ላይ ሲደርስም ከኋላው «አባባ፣ መትረየሱን ወደ እኛ ሰፈር እንዳያዞሩብን!» አለችው። የምትስለዋ ሴትዮ ሳቀች። እሱም ፈገግ ያለ መሰለው፤ ፈገግ ማለቱን ግን እርግጠኛ አይደለም። ፊቱ ልምዱን ትቷል።

ቤቱ ከመድኃኒት ቤቱ አራት መንገድ ማቋረጥ ነው። ያን ቀን ግን ሁለቴ ተሳስቶ አለፈ፤ አንዱን መንገድም በቀይ መብራት ተሻግሮ የታክሲ ነጂ እናቱን ጠርቶ ሰደበው። ቀልቡ የለም። ረቡዕ ነው ዛሬ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ከዚያ ቅዳሜ።

በቀድሞ ሱቁ በኩል አለፈ። ሰባት ካሬ የማትሞላ፣ አርባ ዓመት ጎንበስ ብሎ የኖረባት ሱቅ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥባታል። ዱሮ ከበሩ በላይ የሰቀላት ትልቋ ሰዓት አሁንም እዚያው ናት፤ ቆማለች። አንድ ቀን ለጋስነቱ መጥቶበት ገብቶ ላስተካክላት ብሎ ነበር፤ ባለሱቁ «ተዋት አባቴ፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን የሚያየው ስልኩ ላይ ነው» አለው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሲያልፍ ቀና አይልም።

ከጥርስ ሐኪሙ ጋር የተዋወቁትም እዚያችው ሱቅ ውስጥ ነው። ሐኪሙ የቆመ የእጅ ሰዓት ይዞ ገባ፤ ሰዓቱን ሳይሰጥ በፊት ግን ጠረጴዛው ጥግ በወረንጦ ተይዛ ቀለሟ እየደረቀ ያለች የጥፍር ያህል ነገር አየ። «የአውሮፕላን ፕሮፔለር ናት» አለ። ሰዓት ሠሪው ደነገጠ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያየ ሁሉ ቢራቢሮ ነበር የሚላት። ሐኪሙ ቀጠለ፤ «ባለ ሁለት ክንድ፣ የእንጨት። እንግዲያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የበረረውን የእንግሊዞቹን ሃሪኬን አውሮፕላን ነው የምትሠራው፤ የኋለኛው ሦስት ክንድ አለው።» ሰዓት ሠሪው ያን ቀን ሰዓቱን በነፃ ሠራለት። እንዲያ ዓይነት ሰው በየቀኑ አይመጣም።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ከሰዓት የእነሱ ነበር። ሐኪሙ እጁ ለመንቀል የቀለለ ስለነበር «ጉጠት» ተባለ፤ ሰዓት ሠሪው የቁመቱ ማጠርም ሰዓት አክባሪነቱም ተደምሮ «ደቂቃ» ተባለ። ሥራቸው ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ሁለት ጎልማሶች በማጉያ መነጽር አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ተደፍተው ይጨቃጨቃሉ፤ ጭቅጭቁም ክንፉ የለበሰው ጨርቅ ነው ወይስ ቆርቆሮ፣ ጅራቱ ሥር ያቺ ትንሽ ቅጥያ ወጥታለታል ወይስ ገና ናት፣ የአብራሪው መስታወት ፊት ለፊት የወፈረው መቼ ነው በሚል ነው። በእነዚህ ነገሮች አንድ አውሮፕላን የየትኛው ወር እንደሆነ ይለያሉ፤ ከዚያ ሰባ ሁለት ጊዜ አሳንሰው ይሠሩታል። ለማን? ለማንም። መርፌውን የሚያመጣው ሐኪሙ ነበር፤ ክሊኒኩ ሞልቶ ይፈስ ነበርና። መርፌ ሲቆረጥ አፉ ይጨፈለቃል፤ ከአንዷ መርፌ አንድ ደህና የመትረየስ አፍ ከወጣ ዕድል ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያመጣለት ባለ መቶ ሳጥን ነበር። ያ ሳጥን ትናንት አለቀ።

ሰዓት ሠሪው ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ቤቱን ከፈተ። ራዲዮኑ እያወራ ነበር፤ ሲወጣ አያጠፋውም፤ ሲመለስ ዝም ያለ ቤት እንዳይቀበለው። ከጣሪያው ላይ በዓሣ ማጥመጃ ክር የተንጠለጠሉ አርባ አንድ አውሮፕላኖች በሩ ሲከፈት በገባው ነፋስ ሁሉም ትንሽ ዞር አሉ። ባለቤቱ በሕይወት ሳለች «ዝንቦችህ» ነበር የምትላቸው። «ዝንቦችህ አቧራ ጠጡ» ትልና በላባ መጥረጊያ ስትዳስሳቸው ክንፍ ትሰብርበት ነበር። እሱም ይቆጣ ነበር። አሁን አቧራውን ራሱ ይጠርገዋል፤ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አንድም ክንፍ አልተሰበረም፤ ደስም አይልም።

በመስኮቱ አጠገብ የእሷ ወንበር አለ። ከወንበሩ በላይ ደግሞ ከሌሎቹ ለብቻዋ የተሰቀለች አንዲት ሃሪኬን። ሆዷ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ክንፍ ከሥሩ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ። በጦርነቱ መጀመሪያ እንዲህ ይቀቧቸው ነበር፤ ከመሬት መድፍ የያዙት ቀና ሲሉ የራሳቸውን ወገን ለይተው እንዳይተኩሱበት። ይህችን ሲቀባ ባለቤቱ አልጋ ላይ ነበረች። «ምንድን ነው ይህ? ግማሹ ሐዘን ግማሹ ሠርግ!» ብላ ሳቀችበት። ያን ሰሞን መሳቅ ያደክማት ነበር፤ ለእሱ ግን ሳቀችለት።

ጠቡም የመጣው በዚህችው ነው። እሷ ካረፈች ስምንተኛው ወር ላይ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ የመስታወት ሣጥን ሰጥቶ «ሥራችሁን ለሕዝብ አሳዩ» አላቸው። ሕዝቡ አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ ከዚያም ሁለቱ ዝናብ ለማሳለፍ የገቡ ናቸው። ሰዓት ሠሪው ሃሪኬኗን ሆዷ እንዲታይ ገልብጦ አስቀመጣት። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ፤ «ደቂቃ» አለ ጮክ ብሎ፣ «ይህች አውሮፕላን የምትበረው መስታወት ውስጥ ነው። ጥቁሩ በግራ ነው መሆን ያለበት፤ አንተ በቀኝ አድርገኸዋል!»

ሰዓት ሠሪው ከአሮጌ መጽሔት የቆረጠውን ፎቶ አወጣ። ከሥር ወደ ላይ የተነሣ ነው፤ አውሮፕላኑ በራስ ላይ ሲያልፍ። ከሆድ በኩል ሲታይ ግራና ቀኝ እንደሚለዋወጥ ያውቃል፤ እንዴት አያውቅም? ዕድሜውን ሙሉ ሰዓትን በጀርባው ከፍቶ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ለውጦ አስቦ፣ ደግሞ አስቦ፣ ጥቁሩ ቀኝ ነው ብሎ ደምድሟል። «ፎቶው ይኸው!» አለ።

«ፎቶው ራሱ ግራው ቀኝ ሆኖ ተገልብጦ ታትሟል፣ ወዳጄ» አለ ጉጠት። ከደረት ኪሱ ያቺን ባለ እጀታ የጥርስ መስታወት አወጣ፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ እስክሪብቶ ይመስል ከኪሱ አትለይም። «ና እየው በዚህ። ሰው እንዴት የቆመ ሰዓት እያየ ይሄዳል ይላል?» ጥርስ የማያስከድን ቀልድ ነበር። አሥራ አንዱም ሳቁ።

ሰዓት ሠሪው መስታወቱን አላየም። አውሮፕላኑን በካርቶን አድርጎ ወጣ። ቤት ደርሶ ሲከፍተው በንዴት ያገኘውን ሁሉ አግበስብሶ ኖሮ ሐኪሙ ሣጥኑ ላይ ያሳረፋት መስታወትም አብራ መጥታለች። አልመለሳትም። ሐሙስ መጣ፤ አልሄደም። በሚቀጥለው ሐሙስ ሐኪሙ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሞላ። መስታወቷን ግን የክንፍ ሥር ለመቀባት ይጠቀምባታል። ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ ዕቃዋ ጥሩ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ጠረጴዛው ተቀመጠ። ሌላ ሃሪኬን ጀምሯል፤ ያችኑ የፎቶዋን፤ ደግሞም ጥቁሩን በቀኝ ሊያደርገው ነበር። አንድ የተሳሳተ አውሮፕላን ስሕተት ነው፤ ሁለት ከሆኑ ግን አቋም ይሆናሉ።

ትናንት የገዛትን መርፌ ወረንጦው ጫፍ ላይ ይዞ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰካ። ይህች መርፌ ነፋስ እየተቀበለች ለአብራሪው ፍጥነቱን የምትነግረው ቱቦ ናት። ከክንፉ ሥር አጭር እግር ትወርዳለች፣ ከዚያ ወደፊት ትታጠፋለች። ቦታዋ አይለወጥም፤ በሃሪኬን ሁሌም ግራ ክንፍ ሥር ናት። ይህን እንኳን እሱ፣ የማሸጊያው ካርቶን ላይ ያለው ሥዕልም ያውቀዋል። በመሰርሰሪያ ቀዳዳ በሳ፣ መርፌዋን አጠፈ፣ ከዚያ ርዝመቷን ሊለካ ፎቶውን አነሣ።

ፎቶው ላይ ቱቦ አይታይም። ሁልጊዜም አይታይም ነበር። ጥቁሩ ክንፍ ላይ ያለች እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት ብቻ ናት፤ መጽሔቱ አሮጌ ነው፣ የተጫረ ነው፣ ብሎ ትቷት ነበር።

ጭረቷን አያት። ማጉያውን አቀረበ።

ጭረት አይታጠፍም። ይህች ትንሽ ወረድ ብላ፣ ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ታጥፋለች።

ወረንጦውን አስቀመጠ። ቱቦዋ ሁሌም በግራ ክንፍ ናት። ቱቦዋ ያለችው በጥቁሩ ክንፍ ላይ ነው። እንግዲያው ጥቁሩ… የሐኪሙን መስታወት አንሥቶ ከፎቶው ጎን ያዛት። መስታወቷ ውስጥ ያለችው አውሮፕላን ልክ ካርቶኑ ላይ እንደተሣለችው ሆና በራስ ላይ ታልፋለች፤ ሁሉ ነገሯ በየቦታው።

ሰዓት ሠሪ ሁሉን በጀርባው ያያል፤ የጥርስ ሐኪም ደግሞ የሰውን አፍ የሚያየው በመስታወት ነው። የተገለበጠ ነገር በመጀመሪያ እይታ የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ካለ ጉጠት ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት በተገለበጠ ነገር ላይ መሰርሰሪያ ሲያሳርፍ የኖረ፤ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ደህናው ጥርስ ይሄዳል። ደቂቃ ደግሞ የሚታመንን ሰው ትቶ የሚጫር ወረቀት አመነ።

«ጉጠት ልክ ነበር» አለ ድምፁን አውጥቶ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ራዲዮኑ ነገ ከፊል ደመናማ እንደሚሆን ተናገረ።

ሰው ልክ አለመሆኑን ሲያውቅ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ ሁሌም ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ሰዓት ሠሪውም የመጣለት አሮጌዋን አውርዶ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀለሙን ቀይሮ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ መስቀል ነበር። ማን ያውቃል? ማንም። ወንበር ላይ ወጥቶ ክሩን ቆረጠ፤ የብርጭቆ ወረቀቱን አጠፈ፤ ነጩን ክንፍ ወደ ብርሃኑ አዞረ።

እዚያ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ቀለሙ ሳይደርቅ አልጋዋ ላይ ሆና «እስቲ አምጣት» ብላ ይዛ ነው። ያን ጊዜ «ምነው ትንሽ ብትታገሺ!» ብሎ ተቆጥቷት ነበር። አሻራው የቀረው የወረቀት ውፍረት በማትሞላ ቀለም ላይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው፤ ከዚያ የለም።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ መሳቢያውንም ቆለፈ፤ ራሱን እንደማያምን ሰው።

የቀረውን ቀን አዲሷን ሲቀባ ዋለ። ጥቁሩን በግራ። እየቀባም ነገሩን ያሰላው ነበር። ልጁ እሁድ እሁድ ይደውላል፤ «አባዬ ደህና ነህ? በላህ? መድኃኒትህን አትርሳ፣ ብርድ አለ? በል ቻው» ይላል፤ አምስት ነገር ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው። ጎረቤት ሰላምታ አያጎድልም። ነገር ግን ከቅዳሜ በኋላ በዚህ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለት ክንዱን ፕሮፔለር ከባለ ሦስቱ የሚለይ ሰው አይኖርም። ቢሳሳትም የሚስቅበት አይኖርም። ብሩሹን ያስቀመጠው የኋለኛው ላይ ሲደርስ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሁለቱንም አውሮፕላኖች በጫማ ካርቶን አድርጎ ሄደ። ሐኪሙ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ሰዓት ሠሪው እንደ ዱሮው ሦስተኛው ላይ አርፎ ተነፈሰ፤ ከዚያም ምን እንደሚል እየተለማመደ ወጣ። በሩን የከፈተችው ሴት ልጁ ናት፤ እጇ ላይ የማሸጊያ ፕላስተር፣ ፀጉሯ ላይ አቧራ።

«ውይ ጋሼ! ስንት ዘመንዎ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ ጋደም ብሏል፤ እንዳልቀሰቅሰው…»

«አልተኛሁም!» አለ ከውስጥ የሚያውቀው ድምፅ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ እንደ አሮጌ ባቡር የሚተነፍስ አንድ ሰው ነው ያለው። አስገቢው።»

ሳሎኑ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ግድግዳው ላይ መደርደሪያዎቹ የነበሩበት ቦታ ከሌላው ነጥቶ ይታያል። ወለሉ ላይ የተከፈቱ ካርቶኖች አሉ፤ በአንዱ ውስጥ እያንዳንዳቸው በካልሲ ተጠቅልለው የተደረደሩ አውሮፕላኖች፤ አንዳንዱ ካልሲ በጣቱ በኩል ተቀዶ አፍንጫቸው ወጥቷል። ጉጠት በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ቀጥኗል። ፊቱን ያዞረው ሰዓት ሠሪው ወዳለበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነው።

ሰዓት ሠሪው በደረጃው ላይ የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት።

«መስታወትህን አመጣሁልህ» አለ።

«ሰርቀኸኝ ነበር እንዴ? እኔ የቤተ መጻሕፍቱን ዘበኛ ነበር ስጠረጥር የኖርኩት። ያን የመሰለ ሰውዬ ሰላምታ ነሥቼዋለሁ።» እጁን ዘረጋ። ሰዓት ሠሪው መስታወቷን አስጨበጠው። ጉጠት አገላብጦ ዳሰሳትና ከልማዱ ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካት። «አሁን እንኳ ምንም አታሳየኝም። መሀሉ ጠፍቶብኛል፤ ዳር ዳሩን ነው የማየው። አንተን አሁን ካየሁህ ጆሮህን ብቻ ነው።»

«ምንም አልቀረብህም።»

«እሱስ እውነት ነው።»

ልጅቷ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ሰዓት ሠሪው አዲሷን ሃሪኬን አውጥቶ በመዳፉ ላይ አኖረለት። ሐኪሙ ምንም ሳይል በጣቶቹ ሄደባት። አፍንጫዋን፤ «ሁለት ክንድ» አለ። ጅራቷን ከሥር፤ «ቅጥያ የላትም። የመጀመሪያዎቹ ናት።» ክንፎቿን በጥፍሩ ጫፍ፤ «ጨርቁን አሳይተኸዋል፤ ጎኑ ይቆጠራል። እጅህ አልሞተም።» ከዚያ ጣቱ ግራ ክንፍ ሥር ደረሰና ቆመ።

«ቱቦዋ በግራ ናት።»

«በግራ ናት።»

«ጥቁሩስ?»

ሰዓት ሠሪው ከሃያ ዓመት በፊት ጥርሱን ሊያስነቅል የሐኪሙ ወንበር ላይ እንደወጣ ቀን ትንፋሹን ያዘ።

«በግራ ነው። ፎቶው ላይ ቱቦዋ አለች፤ ጭረት መስላኝ ነው። ጥቁሩ ላይ ናት። አንተ ልክ ነበርክ።»

ጉጠት ጣቱን ቱቦዋ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሰ። ጓዳ ውስጥ ፕላስተሩ ቅርር እያለ ይቀደዳል።

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር» አለ ሐኪሙ። «ሰዓት ሠሪ ነኝም ትላለህ።»

«ስድብህን ጨርስና ይህችን ደግሞ ያዛት።»

አሮጌዋን ሰጠው። ሐኪሙ ወዲያው ለያት፤ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው ያያት፤ ለያት። አዘቅዝቆ ነጩን ክንፍ ሲዳስስ ጣቱ አሻራው ላይ ተደናቀፈ። መለስ ብሎ ዳሰሰው። የራሱን አውራ ጣት አስገብቶ ለካበት፤ ጣቱ ሰፋበት።

«ይህ ምንድን ነው? ቀለሙ ሳይደርቅ ተነክቷል። ይህ ያንተ ሥራ አይደለም።»

«የእሷ ነው። አልጋ ላይ ሆና ነው የያዘቻት።»

ጣቱ አሻራው ላይ ቀረ።

«ያን ቀን ይህን አልነገርከኝም» አለ ጉጠት ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ያን ቀን እየሳቅክ ነበር።»

«አዎ» አለ ሐኪሙ። «እየሳቅኩ ነበር።» ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፍቶ ዘጋው። በሽተኛ ሁሉ አፉን እንዲከፍት ሲያዝ የኖረ ሰው የራሱ ሲሆን እንዲህ ይቸግረዋል። በመጨረሻ አሮጌዋን በሁለት እጁ ዘርግቶ መለሰለት። «ይህችን እንዳትነካት። እንደተገለበጠች ትኑር። የሚስቅ ካለ ወደ እኔ ላከው።»

«አዲሷ ያንተ ናት።»

«ካልሲ አልቆብናል።»

«እኔ አንድ አውልቄ እሄዳለሁ።»

ጉጠት ሳቀ፤ ያ የዱሮው፣ አሥራ አንድ ሰው የሚያስከትለው ሳቅ አልነበረም፤ አጭር ነበር፤ መጨረሻው ሳል ሆነ። ልጅቷ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታቸው ተመለሰች። ሰዓት ሠሪው ውሃውን አንሥቶ ጠጣ። ነገ በዚህ ሰዓት ይህ ክፍል ጨርሶ ባዶ ነው፤ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው ቤት ነው። ሃያ ዓመት ሐሙስ ነበራቸው፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ደግሞ አባከኑ፤ የቀራቸው አንድ ከሰዓት ነው፣ እሱም እያለቀ። መስኮቱ ላይ ያለው ፀሐይ ወደ ካርቶኖቹ ወርዷል።

«የሰጠሁህ ሳጥን አለቀ?» አለ ሐኪሙ ድንገት።

«የመርፌው? ማክሰኞ አለቀ።»

«መቶ ነበሩበት። ባለ ስምንት መትረየሶቹን ብቻ ሠርተህ ቢሆን ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ያልቅ ነበር። ባለ ሁለት መትረየስ ሁሉ ስትሠራ ነው የከረምከው ማለት ነው። ሰነፍክ።»

ሰዓት ሠሪው ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ያለችውን አስታወሰ፤ በየወሩ እየመጡ፣ ሌላ ሰው ጠይቆሻል ወይ እያሉ። ዓይኑ ወደ ካርቶኑ ሄደ፤ ከካልሲው በወጡት አፍንጫዎች ላይ ያለው አቧራ የቆየ ነው፤ በቅርብ የተሠራ አንድም የለም። ከጎናቸው ደግሞ አንድ የወረቀት ከረጢት አለ፤ ራሱ ረቡዕ የተሰጠውን የመሰለ፤ በውስጡም ማሸጊያቸው ያልተከፈተ ቀጫጭን መርፌዎች፣ ብዙ።

«ጉጠት።»

«አቤት።»

«ዓይንህ ካላየ፣ ይህን ሁሉ መርፌ በየወሩ የምትገዛው ምን ልታደርግበት ነው?»

ሐኪሙ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ጥርሴን እጎረጉርበታለሁ» አለ።